ከመስኮቱ ፊት የሚጋርድ የለም

ቡታጅራ አጠገብ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማስተዋል ልጅ ለናዝሬት፤

የፊደሌ መጣመም ጥፋቱ የወንድሜ የሰይፉ ነው። ከሰላምታው በፊት ይህን ማስቀደሜን ይቅር በዪኝ፤ ሃምሳ ዓመት ተራ ሲጠብቅ የቆየ ነገር ስለሆነ ነው። አሁን ሰላም ልበልሽ። የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ፣ የበላሽው ይስማማሽ፣ እናትሽ ያላየችውን ዕድሜ እግዚአብሔር ላንቺ ይጨምርልሽ። እኔ አክስትሽ አደይ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ሃኒ የምትባል አስተማሪ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ለጎልማሶች ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ተማርኩ። እስክሪብቶውን አጥብቄ ስይዘው «እማማ፣ ይላላ እንጂ! እንጨት ሊፈልጡበት ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ልጅ ሳለሁ አባታችን እኔንና አጎትሽን ሰይፉን ባንድ ቀን ትምህርት ቤት አስገብቶን ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ከሀ እስከ ሰ ደረስኩ። ሰይፉ ገና ለ ላይ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለአባታችን «አደይ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር ትጫወታለች» ብሎ ነገረው። ውሸቱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ቀረሁ። ከሸ ያለውን የተማርኩት በስድሳ ዓመቴ ነው።

ስልኩ የሚቀመጠው ሰይፉ ዘንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስትደውዪ ድምፁን ከፍ ያደርገውና ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ «ሰላም በሏት» እያለ ሲጮህ ተራዬ ሳይደርስ ይዘጋል። ወረቀት ግን የብቻዬ ነው። መልስሽን በሃሊማ የፖስታ ሣጥን ላኪው። ሃሊማን አትረሻትም፣ ቡታጅራ በርበሬ የምትነግደው ጓደኛዬ ናት።

የእናትሽ እንሰት ደህና ነው። ሃያ ሰባቱም ቆመዋል። በ2010 አሟት ሳለ «እንሰት መትከል የወንድ ሥራ ነው» እያሏት ራሷ ቆፍራ የተከለቻቸው ናቸው። እኔ ከኋላዋ ችግኝ እያቀበልኩ «ተይ፣ ይደክምሻል» ስላት «ናዝሬት ካለችበት ስትመለስ በመስቀል ለቆጮ ይፋቅላታል፤ አደራ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አለችኝ። ለ2018 መስቀል ይደርሳሉ። ከዚያ ካለፈ ያብባሉ፣ እንሰት ካበበ ደግሞ የሚፋቅ ነገር እንደማይወጣው ታውቂያለሽ። ስለዚህ ከዚያ መስቀል አትለፊ።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የማንበቢያ መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ። ያለሽበትንም አገር ጻፊልኝ። ተራራ አለው ብለሽ ነበር።

አክስትሽ አደይ


ኢቱሪ ቤት፣ ባስክ አገር፣ ስፔን
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፤

ከተራራ ሥር ሆኜ፣ ከተራራ ሥር ላሉት ለእርስዎ ሰላምታዬ ይድረስዎት። የጉልበትዎን ሕመም እመቤቴ ታቅልልዎት። ደብዳቤዎን ስቀበል ፊደሉን በጣቴ እየዳሰስኩ ብዙ ቆየሁ። ከቤታችን ሰው በእጁ ጽፎልኝ አያውቅም።

እኔ ደህና ነኝ። አዲስ አበባ እሠራላቸው የነበሩት ቤተሰቦች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውኝ እንደመጡ ያውቃሉ። ቤታቸው በገጠር ያለ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ ግማሹን ለጎብኚዎች ያከራዩታል። ሥራዬ እንግዳ መቀበልና ተራራውን ማሳየት ነው።

አገሩን ልንገርዎት። ሸለቆው በሦስት ማዕዘን በነጫጭ የድንጋይ ተራሮች የተከበበ ሲሆን፣ የአየሩ ንጽሕና መንፈስን ያድሳል። ከመንደሩ ተነስቶ በጥንታዊው የእረኞች መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል የተጓዘ ሰው ከተራራው አናት ይደርሳል። መንገዱ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ጭምር ምቹ ነው። በጉዞው ላይ ዕድሜ ጠገብ ዛፎችን፣ የጥንት ሰዎች ለመቃብር ያቆሟቸውን ድንጋዮችና ሰማንያ ሜትር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ዋሻ ማየት ይቻላል። በአናቱ ላይ እረኞች በጭስ ያደረቁትን የበግ አይብ መቅመስ የማይረሳ ትዝታ ጥሎ ያልፋል።

ድንጋዮቹ ቡኢን አልፈን አዲስ አበባ ስንሄድ የምናያቸውን የጢያን ድንጋዮች ያስታውሱኛል። እዚህ ቤት ሁሉ ስም አለው። ሰውን ሲጠሩት የአባቱን ሳይሆን የቤቱን ስም ነው የሚጠሩት። እኔንም «የኢቱሪ ቤቷ» ይሉኛል።

ለመስቀል እመጣለሁ። የእናቴን እንሰት ሳላይ አልቀርም። መነጽሩን እልካለሁ።

ልጅዎ ናዝሬት


ቡታጅራ አጠገብ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዝሬት፤

ያስነበበኝ አምላክ ይመስገን፤ ያጻፈሽም እንዲሁ። ገበያ መሃል ሃሊማ ፖስታውን ከፍ አድርጋ «አደይ! ባል መጥቶልሻል፣ በቴምብር!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እያስነጠሰኝ አነበብኩላት። «ፍጠኚ እንጂ፣ ዐስር ደረሰ፣ ልሰግድ ነው» እያለች ታስቸኩለኛለች፤ ስጨርስ ግን «ወላሂ ድገሚልኝ» አለች።

ከዚያ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ሰይፉ ደጅ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ዓይኑን ሞራ እንደጀመረው ሰምተሻል።

«የናዝሬት ነው? እስቲ ስጪኝ» አለ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ አራቀው፣ አዙሮ አየው።

«ተወው፣ እኔ ላንብብልህ» አልኩት።

«አንቺ?»

«እኔ።»

ቆሜ አነበብኩለት። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ዋሸሁ፤ «ጥንታዊው» ላይ ተደናቅፌያለሁ። ያን ጊዜ ሰዎቹ ሲሰሙኝ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ አፌን ሲጠብቅ የተሰማኝን ለካህን እንኳ አልናገርም። ኃጢአት ሳይሆን አይቀርም።

«ሰው ከፍሎ ነው ተራራ የሚወጣው?» አለኝ።

«ከፍሎ።»

«ይዞት የሚወርደው እንጨት የለም? ቀርከሃ?»

«የለም።»

«ያበዱ ናቸው» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን «የት ነው የሚያድሩት?» አለ። ጠይቂልኝ ብሎኛል። የት ያድራሉ? ምን ይበላሉ? ማደሪያቸውስ እንዴት ያለ ነው?

እኔና እናትሽም ተራራ ወጥተን እናውቃለን። ማንም አልከፈለንም እንጂ። ቀርከሃ ልንቆርጥ ወደ ዘቢዳር ስንወጣ ማስተዋል ከፊት ነበረች፣ ሁሌም ከፊት። ከላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ የዝዋይ ሐይቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። «አደይ፣ ከዚያ ማዶ ምን አለ?» ትለኛለች። «ሌላ ማዶ» እላታለሁ። «ከዚያስ?» ትላለች። ማዶ የምትወድ እሷ ነበረች፤ የሄድሽው አንቺ ሆንሽ። ስንወርድ ቀርከሃው ከኋላ እየገፋን ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ጉልበቷ ከዳትና በመቀመጫዋ ተንሸራታ ቀሚሷ ለሁለት ተቀደደ። እስከ ቤት ድረስ ከኋላዋ ተለጥፌ ጋርጃት ሄድኩ። እየሳቅን አለቀስን።

የእናትሽ እንሰት ደህና ነው።

አክስትሽ አደይ


ኢቱሪ ቤት፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፤

ዝናቡ በጊዜው ይዝነብልዎት፣ ደጅዎ በሰላም ይክረም። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። መነጽሩን በጥቅል ልኬያለሁ።

አጎቴ ለጠየቀኝ፦ እንግዶች የሚያድሩት በባህላዊ መንገድ በተሠሩ ቤቶች ነው። እያንዳንዱ ክፍል የአካባቢውን ወግ የጠበቀ ሲሆን፣ እንግዳው ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ ተራራውን ከአልጋው ሳይነሳ ያያል፤ ከመስኮቱ ፊት የሚጋርድ የለም። ምግቡም ከጓሮ የተለቀመ ነው። በአቅራቢያው ፏፏቴ፣ የፈረስ ግልቢያና ለእግር ጉዞ ምልክት የተደረገባቸው ስድስት መንገዶች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል በዛፎች ሥር የሚያልፈው መንገድ በመከር ወራት ቅጠሉ ወርቅማ ሲሆን እጅግ ማራኪ ነው።

የእናቴ ቀሚስ እንደተቀደደ ነግራኝ አታውቅም። ሌላም ካለ ይጻፉልኝ።

እንሰቱ አሁን ምን ያህል ረዝሟል? ቅጠሉ ጣራውን አልፏል?

ልጅዎ ናዝሬት


ቡታጅራ አጠገብ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዝሬት፤

አዲሱን ዓመት በጤና ያስጨርስሽ። መስቀልን ያለ አንቺ ዋልን። መነጽሩ ደርሶኛል። አሁን ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለው ሽፋሽፍት ሁሉ ይታየኛል። የአንቺ ነው ብዬ አልጣልኩትም።

ደብዳቤሽን ለሰይፉ አነበብኩለት። «ከመስኮቱ ፊት የሚጋርድ የለም» የሚለው ላይ ስደርስ «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። በማግስቱ ደግሞ ሰው ይዞ መጣና «ያቺን ቦታ አንብቢላቸው» አለ። ቆሜ አነበብኩ። አሁን ልቤ በጥቂቱ አልወደደውም። ካነበብኩላቸው በኋላ ከእናትሽ እንሰት አጠገብ ቆመው ወደ ዘቢዳር በእጃቸው እያመለከቱ ብዙ አወሩ። ሰይፉ እንኳን ተራራውን፣ ፊት ለፊቱ ያለችውን ላም አያይም።

አሁን የኔን ጥያቄ ልጠይቅሽ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ አንዱን ቃል ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም። ስለዚህ ያልተጻፈውም ይታየኛል። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ተራራ ወጣሽ። አንድም ቀን አልወረድሽም። ስትወርጂ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? ምን ጫማ ነው የምታደርጊው? ከማን ጋር ሄድሽ፣ ምን አወራችሁ? ዝናብ አልመታሽም? ስለ ዛፉ የጻፍሽው ያምራል፤ ግን ሃኒ ሰሌዳ ላይ ጽፋ እንደምታስገለብጠን ዓይነት ነው። ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቻለሁም።

እንሰቱ ጣራውን ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው።

አክስትሽ አደይ


ኢቱሪ ቤት፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፤

ጥምቀትን በሰላም ያድርስዎት። እኔ ደህና ነኝ። መንገዱ የተደላደለ ስለሆነ ጉልበቴን አያመኝም። ጫማም ይሰጡናል። እዚህ በረዶ ጥሏል፣ ከመስኮት ሲታይ ያምራል።

የእንሰቱን ፎቶ በሃሊማ ልጅ ስልክ አስነስተው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ከእናቴ የቀረኝ እሱ ነው።

ልጅዎ ናዝሬት


ቡታጅራ አጠገብ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝሬት፤

እንደምን ከረምሽ። እኔ ደህና ነኝ። በልጉ ጥሩ ነበር። የሃሊማ ልጅ ስልክ ተሰብሯል። እንሰቱ ደህና ነው።

ለምን ዘገየሽ አትበዪኝ፤ እጄን ያመኝ ነበር።

አደይ


ኢቱሪ ቤት፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ዛሬ ልጅ ሳለሁ እንደምጠራሽ «አንቺ» ልበልሽ። «እርስዎ» እያልኩ ስጽፍ መዋሸት ይቀለኛል።

የግንቦቱን ደብዳቤሽን ሳነብ ፈራሁ። ስድብ የለበትም። ሰይፉን አላነሳሽም። እንዲህ የምትጽፊው የደበቅሽው ነገር ሲኖር ነው። ከዚያ ደግሞ እኔስ ምን ስጽፍ ኖርኩ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ተራራውን አልወጣሁም አክስቴ። እንግዳም አልቀበልም። የቤቱ እመቤት እናት ወይዘሮ ሚረን ከአልጋ መነሳት አትችልም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ እሷን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ነው። የማውቀው መንገድ ከቤቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ ያለውን ነው። የላክሁልሽ ሁሉ በእንግዶቹ ራስጌ ከሚቀመጥ ወረቀት የገለበጥኩት ነው። መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ቀን ስለ አገሩ ንገሪኝ ስትይኝ የምነግርሽ አጣሁ። ወረቀቱ ደግሞ አጠገቤ ነበር፣ ውብ ነበር። ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስጽፈው እኔም የሄድኩ መሰለኝ።

ጉልበትሽን የቱ ጋ ያምሻል ስትይኝ ደነገጥኩ። ወረቀቱ ላይ የለም።

ሐምሌ ላይ የሚረን ሌላዋ ልጅ ለአንድ ቀን መጣች። «ሂጂ፣ ዛሬ እኔ አለሁላት» አለችኝ። የት እንደምሄድ አላወቅኩም። ሚረን ከአልጋዋ ሆና በቋንቋቸው «ወደ ላይ» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ መስኮቱ እያሳየች። ልጅ ሳለች በጎች ያገደችው እዚያ ነው። ስለዚህ ወጣሁ።

ምቹ አይደለም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚለውም ውሸት ነው፤ እኔ አራት ሰዓት ፈጀብኝ። መሃል መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ። የእንግዳ ጫማ ተውሼ ስለነበር ሰፍቶኝ ተረከዜን ላጠው። ዋሻው በር ላይ ተቀምጬ ዳቦ በላሁ። ከውስጥ የሚወጣው አየር የቤታችንን የቆጮ ጉድጓድ ሲከፍቱት እንደሚወጣው ይቀዘቅዛል፣ ሽታ ብቻ የለውም። ላይ ስደርስ ጭጋግ ነበር፣ ምንም አይታይም። በጎች ብቻ ይሰማሉ፣ ቃጭላቸው። የቆሙትን ድንጋዮች ሳላያቸው በእጄ ነካኋቸው። ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እርጥብ ሣር ላይ በመቀመጫዬ ተንሸራተትኩ። ሱሪዬ ተቀደደ። ብቻዬን ስለነበርኩ የሚጋርደኝ አልነበረም። እንደ እብድ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ከጉልበቱ ሎሚ በላይ፣ በስተውጭ በኩል ነው የሚያመው። አሁን መልሼልሻለሁ።

ለሚረን ስነግራት ጥርስ በሌለው አፏ እስኪያስላት ሳቀች።

ለመስቀል መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፤ ከወጣሁ መመለስ የለም። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። እንሰቱን አትጠብቂኝ። ሳያብብ ፋቁት፤ ለጎረቤት አካፍዪው፣ ለሃሊማ ስጪያት፣ አጎቴም ይብላ። እናቴ አትቀየምም። ሲፋቅ ግን አንድ ቀን ሙሉ እንዴት እንደነበረ ጻፊልኝ፤ የቱ ቀድሞ እንደተቆረጠ፣ ማን እንደዘፈነ። እውነቱን ብቻ።

ናዝሬት


ቡታጅራ አጠገብ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዝሬት፤

ጉልበትሽ ይጽና። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ይተዋል፤ ቅቤ ቀቢው። እዚያ ቅቤ ካለ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተናደድኩብሽ። በሁለተኛው ስለ ሱሪሽ ሳቅሁ። በሦስተኛው የምጽፈውን አጣሁ። እውነቱን ብቻ ብለሻል፤ ያለኝ እውነት ደግሞ ይህ ነው፦ እንሰቱ የለም። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አለቀ። በግንቦት ደህና ነው ብዬ ስጽፍልሽ ሦስት ወር ሆኖት ነበር።

የገበያ ቀን ነበር። ሃሊማ ጋ ውዬ ስመለስ ከሩቅ ቤታችን ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። ምን እንደጎደለ ቶሎ አልገባኝም። ሰማዩ በዛ። ስጠጋ ሃያ ሰባቱም ተጋድመው አየሁ፣ ግንዳቸው ውኃ እያንጠባጠበ። ሰይፉ ሦስት ሠራተኛ ቀጥሮ አቁሟል።

«ሰይፉ፣ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«የእንግዳ ማረፊያ ልሠራ ነው። ሁለት ጎጆ። ሰው ከአዲስ አበባ እየመጣ ዘቢዳርን ያያል» አለኝ።

«የማስተዋል ነው እኮ! የናዝሬት አደራ ነው!»

«መሬቱ በእኔ ስም ነው። ደግሞ ምን ታስጮኺኛለሽ፣ አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ? ‘ከመስኮቱ ፊት የሚጋርድ የለም’ ብለሽ! ሁለቴ! ሰው ፊት!»

ናዝሬት፣ ሃምሳ ዓመት ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ሳዘጋጅ ኖሬ፣ በዚያች ቀን አንድ እንኳ አልመጣልኝም።

ሃሊማ ሰምታ በማግስቱ ሱቋን ዘግታ መጣች። እኔና እሷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆነን የሚፋቀውን ፋቅን። ጠይቀሻልና ልንገርሽ፦ ማንም አልዘፈነም። አንዷ ልትጀምር ስትል ሃሊማ በዓይኗ ከለከለቻት። ከእኛ እጅ ያለፈውን ከብት በላው። የተፋቀውን ሰው ወሰደው፤ እኔ አልቀመስኩም።

ጎጆዎቹ ተሠሩ። የአገራችን ጎጆ መስኮት እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው እንደ በር የሚያህል መስኮት አላቸው። ከሁለቱ አንዱ ጣራው ያፈሳል። እስካሁን የመጡት አንድ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፣ በመስቀል ሰሞን። ማለዳ ተነስተው ዘቢዳርን ፎቶ አነሱ። ከዚያ ሴትዮዋ ሰይፉን «ይቅርታ አባባ፣ እንሰት የት ነው የምናየው? ጉራጌ አገር መጥተን እንሰት ሳናይ ልንመለስ ነው?» አለችው። እኔ ውኃ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። ሰይፉ ወደ እኔ ዞረ። እንድመልስለት ነበር። አልመለስኩለትም። ወደ ጎረቤት ጓሮ ወሰዳቸው።

አሁን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳስብ ከረምኩ። የፊደሌ መጣመም አሁንም የሰይፉ ነው፤ እሱን አልምርም፣ አትለምኚኝ። የእንሰቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። አንቺ ያላየሽውን ጻፍሽ፤ እኔ ያልገባኝን አነበብኩ። በገባኝ ጊዜም፣ ሰዎቹ በእንሰቱ አጠገብ ቆመው ሲያመለክቱ ባየሁ ጊዜ፣ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? በማግስቱም አንብቢልን ይሉኛል ብዬ ነው። ሰይፉ እግሬ ሥር ተቀምጦ ሲያዳምጠኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። ያን ደስታ ለማግኘት የእናትሽን ሃያ ሰባት እንሰት ሰጠሁ። ይህን መጻፍ ከባድ ነው። ሃኒ እስክሪብቶው ይላላ ትላለች፤ ዛሬ አልላላም አለኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። በዚያ ቀን ከተቆረጡት የአንዱን ሥር፣ አምቾውን፣ ከከብት አፍ ነጥቄ በጋቢዬ ጠቅልዬ አገባሁት። ከየትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናትሽ የመጨረሻ የተከለችው፣ ደክሟት ከአጠገቡ የተቀመጠችው ነው። መሃሉን ወግቼ ቀበርኩት፣ ፍግ ጨመርኩበት። ክረምቱ ሲገባ ዙሪያውን በቀለ። ትናንት ቆጠርኩት፤ ሠላሳ አራት ቡቃያ ነው። ጉልበቴ ደርሰዋል። የወንድ ሥራ ነው ያለኝ የለም፤ ቢኖርም አልሰማሁትም።

የቀበርኩት የት እንደሆነ አልነገርኩሽም። በስሜ ያለው የኔ ጓሮ የሚጀምረው ከሰይፉ መስኮቶች ሥር ነው፤ በመስኮቶቹና በዘቢዳር መሃል። እዚያ ነው። ዝናቡ ሲመለስ ከፋፍዬ በመስመር እተክላቸዋለሁ። ሰይፉ ባለፈው ሳምንት እየዳበሰ መጥቶ ቅጠሉ እጁን ነካው።

«አደይ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎመን።»

«ጎመን እንዲህ ይረዝማል?»

«የማስተዋል እንሰት ነው» አልኩት።

ቆመ። «መስኮቱን እኮ ይጋርደዋል!»

«ገና ስድስት ዓመት አለህ። እስከዚያ እይ።»

ስድስት ዓመት። ከመጣሽ ይፋቅልሻል። ካልመጣሽም ሳያብቡ እየፋቅኩ ልጆቻቸውን እተክላለሁ እንጂ አንዱም አያብብብኝም። ወረቀትሽ ባያልቅም ጻፊልኝ። ተራራውን አይደለም፤ ተራራ እዚህም አለኝ። ሚረን ዛሬ ምን በላች፣ ማን አነሳት፣ ምን ብላ ሳቀች፣ ያን ጻፊልኝ። በጎቿ ስንት እንደነበሩም ጠይቂልኝ። እናትሽ ማዶ ምን አለ እያለች ስትጠይቀኝ ሌላ ማዶ ነው ያልኳት። ተሳስቻለሁ፤ ማዶ ያለችው ከአልጋ የማትነሳ እረኛ ነበረች።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሰይፉ ደጅ መጥቶ «ደብዳቤ መጣ አሉ» አለኝ። ሃሊማ ናት የነገረችው፣ አፏ አያርፍም።

«መጥቷል» አልኩት።

«ምን አለች?»

«ደህና ናት።»

«አንብቢልኛ።»

ተቀምጦ ጠበቀ፣ እንደ ወትሮው አንገቱን ደፍቶ። ወረቀትሽን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ከእንግዲህ ያንቺን ደብዳቤ ለማንም ጮክ ብዬ አላነብም።

አክስትሽ አደይ